ሊኑክስ ከተጫነ በኋላ ዴስክቶፑን ስለ ማሰናዳት



ሊኑክስ በተጫነ ማግስት የሚሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ ከማይገባው ቦታ ይጀመራል። ባለሙያው በቅድሚያ የጀርባውን ሥዕል፣ ቀጥሎም የመስኮቶቹን ቀለም ይለዋውጣል። ይህም ሲሆን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ደብዳቤ ለመጻፍ ስትቀመጥ አማርኛ የምትመታበት መንገድ አይገኝም። ለመሥሪያ ቤት በሚዘጋጅ ኮምፒዩተር ላይ እንግዲህ መልክ ኋላ፣ ጽሕፈት ፊት መሆን ይገባዋል።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደንብ ውስጥ ስለ ገባ ሊኑክስ ፊደሉን ያውቀዋል። ሆኖም ማንበብና መጻፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለማንበብ እንደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ያለ የኢትዮጵያ ፎንት ይበቃል፤ ፎንቱ ከሌለ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይታያሉ። ለመጻፍ ግን አይባስ ከተባለው ፕሮግራም ጋር (ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ምኞት ይመስላል) ኤም17ኤን የተሰኘው ጥቅል ይጨመርና አማርኛ ከቁልፍ ሰሌዳው ምርጫዎች ውስጥ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ድምፁ በላቲን ቁልፎች ሲመታ ጽሑፉ በግዕዝ ይወጣል።

ከሁሉ የከበደው የቀድሞዎቹ ሰነዶች ጉዳይ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደሎች ቦታ ያስቀመጡ ስለሆኑ፣ በአዲሱ ዴስክቶፕ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ክምር ሆነው ይታያሉ። አዲስ ፎንት መጫን ይህን አያድነውም፤ ሰነዶቹ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው። ስለዚህ የቀድሞው ዲስክ ከመደምሰሱ አስቀድሞ ሰነዶቹንም ፎንቶቹንም ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ግዴታ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የተስተካከለው ነገር የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ነው። በሊኑክስ የግል ምርጫዎች በተጠቃሚው የግል ማኅደር ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው በነጥብ በሚጀምር ስውር ፋይሎች ይያዛሉ። ኬዲኢ የሚጽፋቸው ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። ግኖም ግን ዲኮንፍ በተባለ አንድ ቋት ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ይኸም በዓይን አይነበብም፣ በትእዛዝ ግን ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ደግሞ በእጅ የተጨመሩትን ጥቅሎች ዝርዝር ያወጣሉ። እነዚህ ሁለት ጽሑፎች ከተያዙ የግማሽ ቀኑን ድካም እንደ ገና መድገም አያስፈልግም። የግል ማኅደሩን በተለየ የዲስክ ክፍል ማድረግም ዳግመኛ ሲጫን ይጠቅማል፤ ነገር ግን ያው አንድ ዲስክ ነውና በመጠባበቂያ ቅጂ ፈንታ አይቈጠርም።

ስለ ጌጡ የሚነገረው ጥቂት ነው። ግኖም በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 45ኛው እትም የተጨማሪ ቅጥያዎችን የአጫጫን ስልት ስለ ለወጠ፣ ለቀድሞዎቹ እትሞች የተጻፉት ቅጥያዎች እስኪታረሙ ድረስ ሥራቸውን አቁመዋል። በቤቱ የሚሞክር ሰው እንደ ወደደ ያድርግ። ሠላሳ ሠራተኞች የሚገለገሉበት መሥሪያ ቤት ግን በየሁለት ዓመቱ የሚወጣውንና የአምስት ዓመት መደበኛ ድጋፍ ያለውን የኡቡንቱ እትም ቢመርጥ፣ ቅጥያንም ቢያሳንስ ይሻለዋል።

ኮምፒዩተሩ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት አዲስ የተጠቃሚ ስም ተከፍቶ፣ በዚያው ስም ተገብቶ አንድ መስመር አማርኛ ተጽፎ ይታተም። አማርኛው በዚያ ካልሠራ፣ ማስተካከያው በአሰናጁ የግል ማኅደር ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።