ስሙ የጠፋ ብረት
(የአሮጌ መኪናዎችን ዕቃ ስለመለየት፣ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ማንነታቸው ያልታወቀ የአሮጌ መኪና ዕቃዎችን መለየት የሚል ነው። ነገሬን በአንድ ደወል እጀምራለሁ።

ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ከወይራ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ክብ ብረት አለ። ጧት ጧት ዘበኛው በቡሎን ይመቱትና ልጆቹ ይሰለፋሉ። ስለ ብረቱ ብጠይቅ አንድ መምህር «ጣልያን በጦርነቱ ጊዜ ጥሎት የሄደ ነው» አሉኝ። ዘበኛው ግን «የለም፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህል ያመላልስ የነበረ መኪና ነው» ሲሉ ተቃወሙ። ጠጋ ብዬ ስመረምረው የከባድ መኪና የፍሬን ታምቡር ከነሞዞው ሆኖ አገኘሁት። ከሞዞው ውስጥ የኩሽኔታ ቀለበት ተጣብቆ ቀርቷል፤ አቧራውን በጨርቅ ብጠርገው «ሪቭ» የሚል ምልክት ወጣ። ሪቭ እ.ኤ.አ. በ1906 የተቋቋመ የጣልያን የኩሽኔታ ፋብሪካ ነበር።

መምህሩ ረቱ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ዳሩ ግን ምልክቱ የሚመሰክረው ስለ ኩሽኔታው እንጂ ስለ ታምቡሩ አይደለም። ኩሽኔታ የሚለወጥ ዕቃ ስለሆነ የጣልያን ኩሽኔታ በሌላ አገር መኪና ላይ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጋችን በአንድ ምልክት ብቻ አለመፍረድ ነው።

ሁለተኛው ሕግ የአገራችንን የመኪና ታሪክ እንደ አፈር ንጣፍ አድርጎ ማወቅ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ለዐፄ ምኒልክ አምጥቷል። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠው ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በተለምዶ «ኤንትሬ» የምንለው ፊያት 682 መንገዱን ሞላው፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ኡራል፣ ዚልና የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋ መጡ። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ብረት ጥሎልን አልፏል።

ብረቱ ራሱ መናገር የሚጀምረው ሲቆጠርና ሲለካ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የአምስት ሲሊንደር አሮጌ የናፍጣ ሞተር ቢገኝ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው ላንቺያ 3ሮ ነው፤ የዘመኑ ፊያት 634 ስድስት ሲሊንደር ነበረውና። ከዚያ በፊት የነበረው ላንቺያ ሮ ደግሞ በሁለት ሲሊንደሮች ውስጥ ፒስቶኖቹ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ሞተር ነበረው። በሩስያ ፊደል «ዚስ» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ከተገኘም ፋብሪካው የስታሊንን ስም ትቶ እ.ኤ.አ. በ1956 «ዚል» ከመባሉ በፊት የተሠራ መሆኑን እንረዳለን። በብዙ ኩሽኔታዎች ላይ ደግሞ የቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ከ04 ጀምሮ በ5 ሲባዙ የውስጡን ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ፤ 6308 የተባለው 40 ሚሊ ሜትር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ግን የቡሎን ጥርስ ነው። የእንግሊዙ ዊትዎርዝ ጥርስ 55 ዲግሪ ሲሆን የሚሊ ሜትሩና የአሜሪካው 60 ናቸው። የግማሽ ኢንች ቡሎን በዊትዎርዝ በአንድ ኢንች ውስጥ 12 ጥርስ፣ በአሜሪካው 13 ጥርስ አለው። በዐይን ሲታዩ ግን ወንድማማቾች ይመስላሉ።

ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። በወጣትነቴ እሠራበት በነበረ ጋራዥ የአንዲት አነስተኛ የጭነት መኪና የባሌስትራ ማሰሪያ ዳዶ ጠፍቶ ነበር። ቡሎኑ የ12 ሚሊ ሜትር ነው። ከጣሳ ውስጥ ያነሣሁት ዳዶ የግማሽ ኢንች ሆኖ ሳለ ገባልኝ፤ ትንሽ ቢላላም ሳጠብቀው የያዘ መሰለኝ። መኪናዋ ከኮረም ወደ አላማጣ የግራ ካሕሱን ቁልቁለት ስትወርድ ዳዶው ተላጠ፤ አክሱ ተንሸራተተ። ሾፌሩ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በመምታቱ ነፍሱ ተረፈች፤ ረዳቱ ግን አንድ እግሩን አጣ። «የገባ ሁሉ የሚገጥም አይደለም» የምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ወደ ደወሉ ልመለስ። ታምቡሩ ላይ የቀረችውን አንዲት ቡሎን ስለካ ጥርሷ የሚሊ ሜትር ሆነ፤ ስለዚህ የእንግሊዝና የአሜሪካ መሆኑ አጠራጠረ። የቀዳዳዎቹን ብዛትና ርቀት፣ የታምቡሩን ስፋትና ጥልቀት በወረቀት ላይ ነደፍኩ። ደሴ ወርጄ ካንድ የቆመ ኤንትሬ ታምቡር ጋር ባስተያየው አንድም ልዩነት አላገኘሁም። መምህሩ በአገሩ፣ ዘበኛው በዘመኑ እውነት ነበራቸው፤ ብረቱ የጣልያን ሥራ ነው፣ የጦርነቱ ግን አይደለም። እህል ያመላልስ እንደነበር ታምቡሩ አይነግረንም፤ እርሱን የሚያውቁት ዘበኛው ናቸው።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህ ዕውቀት በሁለት በኩል እያመለጠን ነው። ባሌስትራው በባለእጅ ምድጃ ማረሻና ማጭድ ይሆናል፤ ለገበሬው ጥቅም ነውና አልነቅፈውም። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ቸርኬ እያሉ ያስተማሩን አንጋፋ መካኒኮች ግን ማንም ሳይጽፍላቸው ያልፋሉ። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ያልታወቀ ዕቃ ስታገኙ በሞረድ አትፋቁት፤ የት፣ ከምን ጋር እንደተገኘ ጻፉ። ልኬቱን ንደፉ። በአካባቢው ያሉትን ሽማግሌ ሾፌርና መካኒክ ጠይቁና የሰጡትን ስም እንዳለ መዝግቡ።

ታምቡሩን ከዛፉ አላወረድኩትም። በአንዲት ወረቀት ላይ «የፊያት 682 ኤንትሬ የፍሬን ታምቡር» ብዬ ጽፌ ለዘበኛው ሰጠኋቸው። አጣጥፈው ከኪሳቸው ከተቱና የዕረፍት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ቡሎናቸውን አንሥተው መቱት።