ሞሚና ስለሚባለው ስም



ወደ ባሌ ሄዶ የሼክ ሁሴንን ዝያራ የተመለከተ ሰው፣ ባላ በትር ይዘው ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከወሎ ከሚመጡት ተሳላሚዎች መካከል ሞሚና የምትባል ሴት ሳታጋጥመው አትቀርም። በከተማ መዝገብ ላይ ግን ስሙ እንብዛም ስለማይገኝ፣ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ «ምን ማለት ነው?» ይላል።

ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን ሙእሚና ማለት አማኝ ሴት ማለት ነው። የቁርኣን 23ኛው ምዕራፍ አል ሙእሚኑን መባሉም ከዚሁ ነው። ታዲያ የእኛስ ግእዝ አምነ ብሎ ምእመን፣ ምእመንት ይል የለምን? ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸውና፣ ጸሐፊው ባዕድ የመሰለው ስም በየዕለቱ ከሚሰማው ቃል ጋር ሥጋ ዘመድ ነው።

ስሙን በአገራችን ያስከበሩት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1929 ያረፉት ሲቲ ሞሚና ናቸው። ሲቲ «እመቤቴ» ማለት ነው። በአርሲ ፈረቀሳ ወደሚገኘው ስፍራቸው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለቱን ይዞ ሲጓዝ ኖሯል፤ ሴት ልጅ የወለደ ሁሉ ስሙን ቢመርጥ እንግዲህ ምን ይደንቃል?

የሚያሳዝነው አጻጻፉ ነው። አንዲት ልጅ በትምህርት ቤት ሙሚና፣ በቀበሌ ሞሚና፣ በሌላ ወረቀት ሙእሚና ተብላ ትጻፋለች። አንድ ጸሐፊማ «ሞሚ» ብሎ ሲያሳጥረው አይቻለሁ! በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት መመዝገብ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ልጅቱ አድጋ ውርስ ወይም ሥራ ስትጠይቅ ሦስት ሰው ሆና ትቀርባለችና። ጸሐፊው ወላጆቿ እንደሚጠሯት ጽፎ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው።