ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ታሪክ ልንነግራችሁ ነው። በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ሴት ልጅ ናት ብለው ከትምህርት አላስቀሯቸውም፤ በስዊስና በፈረንሳይ አገር ተምረው በ1925 ዓ.ም. ተመለሱ። በጠላት ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማረኩና ወደ ኢጣልያ፥ ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ።

ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኑ። ለተማሪዎች መድረክም ቴአትር ይደርሱ ነበር፤ «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. ታተመ። በባዕድ ቋንቋ ተምሮ በአማርኛ መድረስ ምን ያህል እንደሚያደክም እኛ እናውቀዋለን። እቤታችን በወላይትኛ አድገን ድርሰቱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ የምንጽፍ የሶዶ ልጆች ነንና፥ በቀይ ቀለም የተሞላው ደብተራችን ምስክር ነው።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። ወይዘሮ ስንዱም በ1950 ዓ.ም. ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው።

ወላጆቻችን ሆይ! ዘጠነኛ ክፍልን አብረውን ጀምረው ዛሬ ከመካከላችን የሌሉ እኅቶች አሉን። አንዳንዶቹ ተዳሩ፤ አንዳንዶቹ ታናናሾቻቸውን ሊጠብቁ እቤት ቀሩ። ከንቲባ ገብሩ ልጃቸውን ባሕር አሻግረው ላኩ፤ የእኛ ትምህርት ቤት ግን ከደጃችሁ ነው። ጊፋታ ሲያልፍ መልሳችሁ ላኩልን። ያመለጣቸውን ትምህርት በደብተር ገልብጠን አስቀምጠንላቸዋል።