ስም ቢለወጥ ዜማው የማን ነው?



በሐረር ጀጎል ሠርግ በሆነ ጊዜ ከአንዱ ግቢ የሚነሣው ዜማ ግንቡን ተሻግሮ በውጭ እስካለው ከተማ ይሰማል። ዜማው የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚነሣው ገንዘብ ሲመጣ፥ ወይም ባልና ሚስት ሲለያዩ ነው።

ለምሳሌ አንዲት የሐረር ሴት ሳታገባ ግጥምና ዜማ ደርሳ በካሴት አወጣች እንበል። ኋላም አገባች፤ በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት ስሟን በሕግ ለወጠች። ዘፈኑ እንደገና ሲታተም ካሴቱ አንድ ስም፥ መታወቂያዋ ሌላ ስም ይናገራል። ባልየውም «የትዳራችን ሀብት ነው» ይላል። እንግዲህ ምን ይፈረዳል?

በመጀመሪያ፥ ስም መለወጥ ሰውን አይለውጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያገባች ሴት የራሷን የቤተሰብ ስም እንደያዘች እንድትኖር ይደነግጋል፤ ዳኛም የቤተሰብ ስም ለውጥ ሲፈቅድ የሌሎች መብት እንዳይጎዳ መጠንቀቅ አለበት።

ሁለተኛም፥ የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን የደራሲው ያደርገዋል፤ በብዕር ስም ለሚሠራም ይህንኑ መብት ይጠብቃል። በድሬዳዋ ተወልደው አሊ መሐመድ ሙሳ የተባሉት ድምፃዊ በኦሮምኛ፥ በሐረሪ፥ በአማርኛና በሶማልኛ ሲዘፍኑ ሕዝብ ያወቃቸው «አሊ ቢራ» በሚለው ስም ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ነበሩ። የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በዕድሜው ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ለሌላ የሚተላለፈውም በጽሑፍ ነው። ጋብቻ ብቻውን ባልን ደራሲ አያደርገውም።

ሦስተኛም፥ ባልየው ፈጽሞ ባዶ እጁን አይደለም። በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሠረት ከጋብቻ በፊት የነበረው ንብረት የግል ሲሆን፥ በትዳር ዘመን ከእርሱ የሚገኘው ገቢ የጋራ ነው። ዛፉ የተካዩዋ፥ በትዳር ዘመን የለቀመችው ፍሬ የሁለቱ ነው ማለት ነው። የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው፥ በሐረር የሚከራከሩ ሰዎች እርሱን ሊያዩ ይገባቸዋል። ባልና ሚስት ዘፈኑን አብረው ደርሰውት ከሆነ ግን ሁለቱም ባለቤቶች ናቸው፤ ይህም በተጋቡበት ሳይሆን በሠሩበት ነው።

እናንተ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ፥ ባለሁለት ስም ሴት ወረቀቷን ይዛ ወደ ጠረጴዛችሁ ስትመጣ «ይህች ሌላ ናት» ብላችሁ አትመልሷት። የስም ለውጡን ውሳኔ ከመዝገቡ ጋር አያይዙላት፤ የቀድሞውንና የአሁኑን ስም ጎን ለጎን ጻፉላት። ባለትዳሮችም ፍቅር ሳይቀዘቅዝ ግጥሙን ማን፥ ዜማውን ማን እንደ ደረሰ በውል ያስፍሩ። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋልና።