የሚጫወቱበትም የሚሠሩበትም ማሽን፦ ስለ ትርፍ ጊዜ ዲዛይነሮችና ስለ ግል ኮምፒውተር

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬውን ርእስ ለትምህርት ክፍሉ ባቀረብኩ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ «ዶክተር፣ በዚህ ዕድሜዎ ስለ ጌም ሊናገሩ ነው?» ብለውኝ ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኔ ጌም ተጫዋች አይደለሁም፤ ልጄ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ተስፋ ቆርጧል። የምናገረውም ስለ ተጫዋቾች ሳይሆን ማንም ሳይቀጥራቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በትርፍ ጊዜያቸው ጨዋታ ስለ ሠሩ ሰዎች ነው፤ እግረ መንገዴንም እኔ ራሴ ከእነዚህ ሰዎች በአንዱ ላይ ስላደረስኩት በደል እናገራለሁ። «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከእናንተው ስልክ ልጀምር። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ ፐብጂ የሚባለውን ጨዋታ ታውቁታላችሁ። መቶ ያህል ሰዎች ከአውሮፕላን በፓራሹት ይወርዳሉ፤ ባዶ እጃቸውን መሬት ይደርሳሉ፤ ከየቤቱ መሣሪያ ይለቅማሉ፤ የመጨረሻው እስኪቀር ድረስ ይፋለማሉ። በካርታው ላይ የተሰመረ ክብ በየጊዜው እየጠበበ ሁሉንም ወደ አንድ ሥፍራ ይገፋቸዋል። ሰውን መግደል ጨዋታ መሆኑ፣ በተለይ ጦርነትን በቅርቡ ባየች አገር፣ ለእኔ አይመቸኝም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈለግሁም። ነገር ግን ያን እየጠበበ የሚሄድ ክብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የጨዋታው ነዳፊ ብሬንደን ግሪን የሚባል አየርላንዳዊ ነው። ሙያው ፎቶግራፍ፣ የግራፊክና የድረ ገጽ ዲዛይን ነበር፤ የሶፍትዌር መሐንዲስ አልነበረም። ብራዚል ይኖር በነበረበት ጊዜ በትርፍ ሰዓቱ በኢንተርኔት ጨዋታ ያሳልፍ ነበር። ከሚጫወታቸውም አንዱ ዴይዚ ነው። ዴይዚ ራሱ ኩባንያ ያቀደው ጨዋታ አይደለም፤ ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ የተባለ የቼክ ኩባንያ በ2009 ካወጣው አርማ 2 ከተባለ የጦር ሜዳ ጨዋታ ላይ ዲን ሆል የተባለ የኒውዚላንድ ሰው በ2012 የገነባው ማሻሻያ ነው። በተጫዋቾች ቋንቋ ይህ «ሞድ» ይባላል፦ የሌላ ሰው ጨዋታ ተከፍቶ፣ ተቆርጦና ተቀጥሎ አዲስ ጨዋታ ሲወጣው ማለት ነው። ግሪን በ2013 የዴይዚን ሞድ ወስዶ በላዩ ሌላ ሞድ ሠራ። መነሻ ሐሳቡን ያገኘው ባትል ሮያል ከተባለው የጃፓን ፊልም ነው። እንግዲህ እናንተ በስልካችሁ የምትጫወቱት ነገር በሞድ ላይ ከተሠራ ሞድ የተወለደ ነው።

አሁን ወደ ክቡ ልመለስ። በፊልሙ ውስጥ ደሴቲቱ በአራት ማዕዘን ክልሎች ተከፋፍላለች፤ ጊዜው በገፋ ቁጥር ክልሎቹ በየተራ የሞት ቀጣና ይሆናሉ። ግሪን ይህን ለመሥራት የሚበቃ የኮድ ዕውቀት አልነበረውም። ስለዚህ ወደሚችለው ወረደ፤ እየጠበበ የሚሄድ ክብ ሠራ። ለክብ አንድ መካከለኛ ነጥብና አንድ ሬዲየስ ይበቃዋል፤ ተጫዋቹ ውስጥ ይሁን ውጭ ለማወቅም ከነጥቡ ያለውን ርቀት መለካት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በአንድ መስመር ይጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ከወጡት የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ፎርትናይትን ጨምሮ የሚከተሉት ይህንኑ ክብ ነው። እኛ መምህራን «መጀመሪያ ዕወቅ፣ ከዚያ ትሠራለህ» ማለት ይቀናናል። ይህ ሰው ግን ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ አራት ማዕዘኑን ሠርቶ ያርፍ ነበር።

የቀረውን በአጭሩ ላሳልፈው። ብሉሆል የተባለ የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ በ2016 ግሪንን ጋበዘው፤ ጨዋታው በመጋቢት 2017 ለግል ኮምፒውተር ወጣ፤ በጥር 2018 በአንድ ቅጽበት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይጫወቱት ነበር። የስልኩ ቅጂ የመጣው ከዚያ በኋላ በዚያው በ2018 ነው።

ለምሁራን ጉባኤ የሚገባው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ድረ ገጽ የሚነድፍ አንድ ሰው እቤቱ ተቀምጦ የሌላ አገር ኩባንያ የሠራውን ጨዋታ ሊለውጥ እንዴት ቻለ? የግሪን ተሰጥኦ የመልሱ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከፊቱ የነበረው ማሽን ነው። ጨዋታው በግል ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ በፋይል መልክ ተቀምጦ ነበር፤ ኩባንያው የሜዳ ማረሚያ መሣሪያና ሰው አንብቦ የሚረዳው የስክሪፕት ቋንቋ አብሮ ሰጥቶ ነበር፤ ግሪን የሠራውንም ያለ ማንም ፈቃድ በኢንተርኔት ለሌሎች ማድረስ ይችል ነበር። ሲጫወት ያመሸበት ማሽን ሲነጋ የሥራ ጠረጴዛው ይሆናል።

ይህ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ አስበው የወሰኑት ሰዎች አሉ። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱም የተባለውን ጨዋታ በ1993 ሲያወጣ ጆን ካርማክ የጨዋታውን ሞተር ከሥዕሉ፣ ከድምፁና ከካርታው ለይቶ አስቀመጠው። ቀደም ባለው ጨዋታቸው ተጫዋቾች ፋይሎቹን እየሰበሩ ሲለውጡ አይተው ነበር፤ በሩን በመቆለፍ ፈንታ ቁልፉን ሰጡ። በ1997 ደግሞ የሞተሩን ኮድ ራሱን ለሕዝብ ለቀቁት።

በዚህ በር ከገቡት አንዱ ቬትናም ተወልዶ ካናዳ ያደገው ሚን ሌ ነው። በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሳለ በ1998 የወጣውን ሃፍ ላይፍን ወስዶ ከጄስ ክሊፍ ጋር በ1999 ካውንተር ስትራይክን ለተጫዋቾች አደረሰ። ሁለቱም ካርታውን ሁሉ አልሠሩም። በዓለም ላይ ከታወቁት ካርታዎቹ አንዱ የሆነውን «ደስት»ን የሠራው ዴቭ ጆንስተን የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ነው፤ ያኔ እንኳን ሊከፈለው ከነመኖሩም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ሃፍ ላይፍን ያወጣው ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2000 ጨዋታውን ገዝቶ የራሱ አደረገው።

ካውንተር ስትራይክን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በ1996 ዓ.ም. የአንድ ኮምፒውተር ላብራቶሪ ኃላፊ ነበርኩ። ሃያ የሚሆኑ ማሽኖች ነበሩን፤ እነርሱም ከሕፃን ይልቅ ይጠበቁ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማሽኖቹን ስፈትሽ በአንዱ ላይ ካውንተር ስትራይክ ተጭኖ አገኘሁ። ከጎኑ ያልገባኝ አንድ ፋይል ነበር። ስከፍተው የግቢያችን ቤተ መጻሕፍት ሆኖ አገኘሁት፦ መግቢያው፣ የንባብ አዳራሹ፣ የተጠማዘዘው ደረጃ። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በነጻ በሚታደለው የካርታ መሥሪያ የሠራው ነበር። አስጠርቼ ስጠይቀው የአናጢ ሜትር ተውሶ ሕንፃውን ለሁለት ቀን እንደለካው፣ የደረጃውንም እርከኖች አንድ በአንድ እንደቆጠረ ነገረኝ። እኔ የሰማሁት ግን «ጌም» የሚለውን ብቻ ነው። ማሽኑን አጠፋሁት፤ ማለትም ሙሉ በሙሉ ፎርማት አደረግሁት። ተማሪውን አንድ ሴሚስተር ላብራቶሪ እንዳይገባ ከለከልኩት። ለሌሎቹም መቀጣጫ እንዲሆን ማስታወቂያ ለጠፍኩ።

ልብ በሉ፤ በዚያው ሴሚስተር ሦስት አቅጣጫ ስላለው ሥዕልና ስለ ጂኦሜትሪ ስሌት አስተምር ነበር። ለፈተና የማወጣው ጥያቄ ያ ልጅ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ከፈታው ችግር በጣም የቀለለ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ አገኘሁት። በአንድ ባንክ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኗል፤ ትዳር ይዟል፤ ደህና ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀና «ዶክተር፣ አንድ ቅጂ በፍሎፒ ነበረኝ፤ በኋላ ግን ፍሎፒው ተበላሸብኝ» አለኝ። እንደገና ሠርቶት እንደሆነ ጠየቅሁት። «አልሠራሁትም» አለኝ። በዚህ ተለያየን።

«ይህ የጌም ነገር ነው፤ ምን ይጎዳናል?» የሚል ካለ፣ እኛ ራሳችን የዚሁ በር ተጠቃሚዎች ነን። በግል ኮምፒውተር ላይ አማርኛን የጻፈልን የማሽኑ ፋብሪካ አይደለም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በውጭም በአገር ቤትም የነበሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን በየግላቸው እየነደፉ ለእንግሊዝኛ በተሠራ ማሽን ውስጥ አስገቡት። ከእነርሱ አንዱ ዶክተር አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። የሁሉም አሠራር የተለያየ ስለነበረ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆን ነበር፤ በዚህ የተበሳጨነው እዚህ ተቀምጠናል። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እስኪገባ ድረስ ግን የጋዜጣ፣ የመጽሐፍና የቢሮ ሥራ የተሠራው በእነዚያው ሰዎች ፊደል ነው። የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም፤ ማሽኑም አልከለከላቸውም።

ይህን ከስልክ ጋር አስተያዩት። የመጀመሪያዎቹን የእጅ ስልኮች በያዝንባቸው ዓመታት «ሰላም ነው» ለማለት እንኳ በላቲን ፊደል እንጽፍ ነበር። ችሎታ ያለው ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ ማሽኑ የተዘጋ ስለነበረ ሠሪው እስኪያስገባልን መጠበቅ ግድ ሆነ እንጂ። ዛሬም የእጃችሁ ስልክ ምንም እንኳ ያ ቅዳሜ ከፎርማት ካደረግሁት ኮምፒውተር እጅግ የበለጠ ጉልበት ቢኖረው፣ ፐብጂን ከፍታችሁ ክቡን አራት ማዕዘን ልታደርጉበት አትችሉም። ባለፈው ሴሚስተር አዲስ ተማሪዎቼን «ፋይሉ የተቀመጠው የትኛው ፎልደር ውስጥ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ከክፍሉ አብዛኛው ጥያቄው ራሱ እንግዳ ሆነበት። ይህ የእነርሱ ስንፍና አይደለም። ሲጫወቱበት ያደጉት ማሽን ውስጡን አሳይቷቸው አያውቅም። የስልኩን ደኅንነትና ርካሽነት አልክድም፤ በላፕቶፕ ዋጋ ምክንያት ከስልክ በቀር አማራጭ የሌላቸው ተማሪዎች እንዳሉም አውቃለሁ። ለዚህም ነው ጉዳዩ የግለሰቦች ሳይሆን የእኛ የተቋሞች የሚሆነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር አልሄድም፤ በተለይ ከሕግ ትምህርት ክፍል የመጣችሁ ስሙኝ። በር መከፈቱና የቤት ባለቤትነት አንድ አይደሉም። በ2002 የወጣው ዋርክራፍት 3 የካርታ መሥሪያ አብሮት ይታደል ነበር። በ2003 ኡል በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ሰው ዶታ የተባለውን ጨዋታ በእርሱ ሠራ፤ በኋላ ሌሎች ተቀባበሉት፤ ስቲቭ ፊክ አሰፋው፤ ከዚያም አይስፍሮግ የተባለው ዓመታት ደከመበት። ፊክ ሪዮት ገብቶ በ2009 የወጣውን ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን ሲሠራ፣ አይስፍሮግ ወደ ቫልቭ ሄደ። ቫልቭና የዋርክራፍት ባለቤት የሆነው ብሊዛርድ «ዶታ» በሚለው ስም ላይ ተከራከሩና በ2012 ተስማሙ። ኡል በ2004 ሌሎች በሥራው እንዲቀጥሉ ጽፎት የነበረ አጭር መልእክት በ2017 ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ «መብቱን ትቷል ወይስ አልተወም?» የሚል ክርክር አስነሣ፤ ዳኛ ቻርልስ ብሬየርም ጉዳዩን በአጭሩ ሊቋጩት አልፈቀዱም። አንድ ወጣት በደስታ የጻፈው መልእክት ከ13 ዓመት በኋላ በጠበቆች እንደሚተነተን በምን ያውቃል? ብሊዛርድ በበኩሉ በ2020 ባወጣው ደንብ በመሣሪያው የሚሠራ ካርታ ሁሉ ንብረቱ እንደሚሆን ደነገገ። ይህ ከዶታ የተማረው ትምህርት ነው፤ ለእኔ ግን የተሳሳተ ትምህርት ነው። በሩን ከፍቶ የገባውን ሁሉ ጭሰኛ ማድረግ ቀጣዩን ሚን ሌ አያመጣም። እናንተ ግን «እስማማለሁ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ውሉን አንብቡ።

በመጨረሻ፣ ከትምህርት ክፍሉ ጋር የተስማማንበትን ልናገር። በምድር ቤት ከሚገኙት ላብራቶሪዎች አንዱ፣ አሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ያሉበት፣ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ይሆናል። የማሽኖቹ የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል በየማሽኑ ላይ ተለጥፏል። የፈለጋችሁትን ጫኑ፣ ክፈቱ፣ ለውጡ፤ ማሽኑ ቢበላሽ ቴክኒሻናችን እንደገና ይጭነዋል፤ ከመጫኑ በፊት ግን ፋይላችሁን ለማውጣት አንድ ሳምንት ይሰጣችኋል። የየትኛውም የትምህርት ክፍል ተማሪ መግባት ይችላል። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። የአናጢ ሜትር የሚፈልግ ካለ ቢሮዬ አለ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።