የኮርዶፋን ሙጫና የአትላንቲክ ማዶ ወዳጆቹ



በጂኦግራፊ ትምህርት ስለ ሱዳን ሲነገር ለግራር ሙጫ የሚሰጠው ቦታ ብዙ ጊዜ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ጥጥ፥ ሰሊጥ፥ ሙጫ ተብሎ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ተማሪው ያጠናዋል፤ በፈተና ቀን ይመልሰዋል፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። ነገር ግን ከካርቱም በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ኮርዶፋን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ ካለው ታላቅ መንግሥት ጋራ ያላት ግንኙነት በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ዘመኑ ሁሉ እዚህ የሚቈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሙጫው የሚገኝበት ዛፍ ዓረቦች ሐሻብ የሚሉት እሾኻም ግራር ነው። ዝናቡ ካበቃ በኋላ፥ በጥቅምትና በኅዳር ገደማ፥ ገበሬው ሶንኪ በሚባል ረጅም እጀታ ባለው ስለታም ብረት የቅርንጫፉን ልጥ ሰንጥቆ ይልጣል። ዛፉም ከቈሰለበት ስፍራ ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹ በደረቁ ነፋስ ረግቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወርቃማ እንክብል ይሆናል። ሴቶችና ልጆች ጭምር ወጥተው ይለቅሙታል፤ ዛፉም እንደ ገና ያወጣል። የሙጫው ዋና ብልሃት ዘይትና ውሃን ማስታረቁ ነው። ለለስላሳ መጠጥ ጣዕም የሚሰጠው ዘይት ተንሳፍፎ ከጠርሙሱ አንገት እንዳይቀር ከውሃው ጋራ አዋሕዶ ይይዘዋል። ለክኒን፥ ለጽሕፈት ቀለም፥ ለቴምብር ጀርባም ሲያገለግል ኖሯል። በመተማና በሑመራ በኩልም ይኸው ዛፍ ይበቅላል፤ ዳሩ ግን ለዓለም ገበያ ትልቁን ድርሻ የምታቀርበው ሱዳን ናት፤ ከሱዳንም ስመ ጥሩዋ ኮርዶፋን ናት።

አሜሪካውያን ወደ ኮርዶፋን የደረሱት ስለ ሙጫ ብለው ብቻ አልነበረም። የእርስ በርስ ጦርነታቸው በ1865 ካበቃ በኋላ ሥራ ያጡ መኰንኖች ለግብጹ ገዥ ለኸዲቭ እስማኤል ተቀጠሩ፤ ትናንት በጦር ሜዳ ሲገዳደሉ የነበሩት የሰሜንና የደቡብ ሰዎች በካይሮ ባንድ ደመወዝ መዝገብ ተጻፉ። ከነዚህ አንዱ ራሌይ ኮልስተን ነው። እርሱም ከጦርነቱ በፊት በቨርጂንያ በጦር ትምህርት ቤት መምህር ነበረ። በ1874 ኮርዶፋንን እንዲመረምር ተላከ፤ በመንገድ ጸንቶበት ታሞ ሰውነቱ ስለ ሰለለ ሥራውን ሄንሪ ፕራውት ተረከበው፤ ፕራውት ስለ አገሪቱ የጻፈው ዘገባም በ1877 በካይሮ ታተመ። ኢትዮጵያውያን ይህን የመኰንኖች ጓድ በሌላ በኩል ያውቁታል፤ በ1876 በጉራ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ከገጠመው የግብጽ ጦር ጋራ የዘመተው ጄኔራል ሎሪንግ ከነዚሁ ወገን ነበርና።

የማህዲ ተከታዮች በ1883 ኤል ኦቤይድን፥ በ1885 ካርቱምን ከያዙ በኋላ የሙጫው ንግድ እጅግ ተዳከመ። እንግሊዝና ግብጽ አገሪቱን በጋራ በሚያስተዳድሩበት ዘመን ግን ፖርት ሱዳን በ1909 ተከፈተ፤ የምድር ባቡሩም በ1912 ኤል ኦቤይድ ገባ። ከዚህ በኋላ ሙጫው በኤል ኦቤይድ በሐራጅ እየተሸጠ በሐዲድ ወደ ባሕር ይወርድ ጀመር። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላም በ1969 የሙጫ ኩባንያ በካርቱም ተቋቋመ፤ ጥሬ ሙጫን ወደ ውጭ አገር የመላክ መብት እስከ 2009 ድረስ የእርሱ ብቻ ሆነ። ገበሬው ገና ዛፉን ሳይነካ ከነጋዴ እህልና ገንዘብ ይበደራል፤ ሙጫው ሲደርስም አበዳሪው በቈረጠው ዋጋ ይከፍላል። ይህን ብድር በአገሩ ሸይል ይሉታል። ሙጫውም በጥሬው ተጭኖ ይሄዳል፤ የሚታጠበውና የሚፈጨው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንሳይ አገር ነው፤ ትርፉም እዚያው ይቀመጣል።

ወደ ፖለቲካው እንምጣ ከተባለ፥ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሱዳንን በ1993 ሽብርን ከሚረዱ አገሮች መዝገብ ጻፉ፤ በኅዳር 1997 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በንግዷ ላይ ማዕቀብ ጣሉ። ከሱዳን ወደ አሜሪካ የሚገባው ሸቀጥ ሁሉ ተከለከለ፤ ሙጫው ግን በልዩ ፈቃድ እንዲያልፍ ተደረገ። ምክንያቱም አስመጪዎቹና ፋብሪካዎቹ ተከራክረው ነበር፤ በቂ ሙጫ ከሌላ ስፍራ አይገኝም፥ ክልከላውም የሚጠቅመው ፈረንሳዮችን ነው ብለው። ክርክራቸው ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ኮርዶፋን ገበሬ የተከራከረ ጠበቃ አልነበረም፤ ፈቃዱ የገዢው ፈቃድ እንጂ የሻጩ አልነበረምና።

ይህም በካርቱም በግልጽ ታየ። በናይሮቢና በዳሬሰላም የአሜሪካ ኤምባሲዎች ከፈረሱ በኋላ፥ ነሐሴ 20 ቀን 1998፥ አሜሪካኖች በሚሳይል በሰሜን ካርቱም የነበረውን የአል ሺፋ የመድኃኒት ፋብሪካ አፈረሱ። ለጦር መሣሪያ የሚሆን ኬሚካል ይሠራበታል ብለው ነበር፤ ያቀረቡት ማስረጃ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ አከራክሯል። ለሰውና ለከብት መድኃኒት ይሠራ የነበረው ፋብሪካ አመድ በሆነበት ዘመን ሙጫው የውቅያኖሱን መንገድ አላቋረጠም። ፋብሪካውና ሙጫው ባንድ ምዕራፍ ውስጥ አለመማራቸው የሚያስገርም ነው።

በካርቱም በሥልጣን ላይ የነበሩት ሰዎች ሙጫው መሣሪያ ሊሆናቸው እንደሚችል አስበው ነበር። በ2007 በዋሽንግተን የሱዳን አምባሳደር ጆን ኡኬክ በጋዜጠኞች ፊት የኮካ ኮላ ጠርሙስ አንሥተው መንግሥታቸው ሙጫውን ሊያስቀር እንደሚችል አመለከቱ። ዛቻው በጋዜጣ ተወራ፤ ሙጫው ግን መሸጡን ቀጠለ። ካርቱም ዶላር ትፈልግ ነበር፤ ገበሬውም የሸይል ዕዳ ነበረበት። ጠርሙሱ ባዶ ቢሆን ጥቂት የሚጠማው ገዢው፥ ቀድሞ የሚራበው ግን ለቃሚው ነው።

ማዕቀቡ በጥቅምት 2017 ተነሣ፤ ከሽብሩ መዝገብም ሱዳን በታኅሣሥ 2020 ወጣች፤ ለዚህም 335 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ግድ ሆነባት። በ2022 የአሜሪካ አምባሳደር ከብዙ ዓመታት በኋላ ካርቱም ገቡ። በሚያዝያ 2023 ግን ጦሩና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በካርቱም እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ እሳቱም ኮርዶፋን ደረሰ። ኤል ኦቤይድ እስከ የካቲት 2025 ተከባ ቈየች፤ የሙጫ ገበያ የነበረችው አን ናሁድ በግንቦት 2025 በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀች። በዚሁ ዓመት ሙጫው የምስክር ወረቀት ሳይኖረው በድብቅ ወደ ጎረቤት አገሮች እየወጣ እንደሚሸጥ ተዘገበ። ከተፈጨ በኋላም የትኛው ጦር ከያዘው መሬት እንደ ተለቀመ፥ ለማንስ ግብር እንደ ተከፈለበት፥ ዱቄቱን አይቶ የሚለይ ገዢ የለም።