የክላስን ተግባር በኦብጄክት ስም ስለ መጥራት



በካምፓላ የሚገኘው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1922 በሙያ ትምህርት ቤትነት ተመሠረተ። ከተማሪዎቹ አንዱን «የተመሠረትህበት ዓመት ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ተማሪውም «1922» ብሎ ቢመልስ፥ ቍጥሩ እውነት ሲሆን አነጋገሩ ሰሚውን ያሳስታል። ዓመቱ የዩኒቨርሲቲው እንጂ የተማሪው አይደለምና።

በኮምፒዩተር ፕሮግራም ቋንቋዎችም ይህን የመሰለ ነገር አለ። ክላስ የጋራ ንድፍ ነው፤ ኦብጄክት በዚያ ንድፍ ከተሠሩት አንዱ ነው። ስታቲክ ሜተድ ደግሞ የክላሱ እንጂ የማንኛውም ኦብጄክት ያልሆነ ተግባር ነው። እንግዲህ ይህን ተግባር በኦብጄክት ስም መጥራት ይፈቀድን ወይስ ይከልከል?

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጃቫ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ኦብጄክቱን ከቁም ነገር አይቈጥረውም፤ የሚመለከተው ስሙ በምን ዐይነት ክላስ እንደ ተመዘገበ ብቻ ነው። ትሬድ የሚባሉት ጐን ለጐን የሚሄዱ የሥራ መሥመሮች ናቸው። ጀማሪው ሌላውን ትሬድ ያስተኛ መስሎት በዚያ ትሬድ ስም «ስሊፕ» ብሎ ቢያዝ፥ የሚተኛው ትእዛዙን በመፈጸም ላይ ያለው ትሬድ ነው። ይባስ ብሎ፥ ስሙ ምንም ኦብጄክት ያልያዘ ባዶ ቢሆን እንኳ ጥሪው ያለ ስሕተት ያልፋል።

ሲ ሻርፕ እንዲህ ያለውን ጥሪ ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ፓይተን በበኩሉ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ተግባሩን መፈለግ የሚጀምረው ከኦብጄክቱ ከራሱ ክላስ ስለ ሆነ፥ ልጅ ክላስ የወላጁን ተግባር በራሱ ቢተካ የሚሠራው የልጁ ነው። በዚያ የኦብጄክቱ ስም ትርጕም አለው።

ፍርዱም ከዚህ ይወጣል። ቋንቋው ኦብጄክቱን የሚያማክር ከሆነ ይፍቀድ፤ የማያማክር ከሆነ ይከልክል። ስሙን አስጠርቶ ባለስሙን መናቅ ግን አንባቢን ማታለል ነው። ጃቫም እ.ኤ.አ. በ2014 በኢንተርፌስ ውስጥ ስታቲክ ሜተድ እንዲጻፍ ሲፈቅድ፥ በኦብጄክት በኩል እንዳይጠራ ከልክሏል። የቀድሞው ፈቃድ ቢሻር ግን በዚያ ተማምነው የተጻፉ ፕሮግራሞች ይሰናከላሉ።

ስለዚህ ቋንቋው የተወውን ጥበቃ መምህሩ ይፈጽመው። በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ ጃቫ የሚያስተምር መምህር፥ የተማሪው ፕሮግራም ትክክለኛ ውጤት ስላወጣ ብቻ ሳያርም አይለፈው። ዛሬ በደኅና ያለፈው የተሳሳተ አጠራር፥ ነገ ፕሮግራሙን ለሚያነበው ሌላ ሰው ወጥመድ ይሆናልና። የክላሱን በክላሱ፥ የኦብጄክቱን በኦብጄክቱ ስም መጥራት የለመደ ተማሪ፥ እያንዳንዱ ሥራ የማን እንደ ሆነ ለይቶ ማሰብን ተምሯል።